አንድ ዓይንና ሁለት ዓይን



ልጅ ሳለሁ ከእናቴ ጋር ቤተ ክርስቲያን ስሄድ የግድግዳውን ሥዕል አይ ነበር። ቅዱሳኑ ሁሉ ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረዋል፤ ሁለት ዓይናቸው ይታያል። ይሁዳና ጌታን የሚገርፉት ወታደሮች ግን በጎን ስለተሳሉ ያላቸው አንድ ዓይን ብቻ ነው። ለምን እንደሆነ እናቴን ብጠይቃት «ክፉ ሰው ቀና ብሎ አያይም» አለችኝ።

ይህ በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ለዘመናት የቆየ ልማድ ነው። ማንበብ የማይችለው ምእመን ደጉን ከክፉው የሚለይበት አንዱ ምልክት ይኸው ነበር።

ልማዱ ከቤተ ክርስቲያን ውጭም ዘልቋል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተካሄደውን የዓድዋ ጦርነት የሚያሳዩትን የቆዩ ሥዕሎች ተመልከቱ። የእኛ ሰዎች በአብዛኛው ፊት ለፊት፣ የጣሊያን ወታደሮች በጎን ተስለዋል። ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ ላይ ሆኖ ይታያል፤ በብዙዎቹ እቴጌ ጣይቱም ከጦሩ ጋር አሉ። ሠዓሊው አንድ ቃል ሳይጽፍ በሥዕሉ ፈርዷል።

ኋላ የመጡ ሠዓሊዎች ደግሞ ምልክቱን ራሱን መጠየቅ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1950 አዲስ አበባ የተወለዱት ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ፊደላችንን በሸራ ላይ ይለጥጡታል፣ ያጣምሙታል፣ ይቆርጡታል። እናነባለን ብለን ብንቀርብ ቃል አይወጣውም። ከልጅነታችን የምናውቀው ፊደል ድምፁን ሲያጣ፣ ትርጉም የሰጠነው እኛው ሰዎች መሆናችን ትዝ ይለናል።

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እንደምታውቁት የማኅበራችንን ሒሳብ የምይዘው እኔ ነኝ። መዋጮ ያልከፈለች አባል ስም ላይ በቀይ እስክሪብቶ አሰምር ነበር። አንዲት እህታችን ሦስት ወር በተከታታይ በቀይ ከተሰመረባት በኋላ ከስብሰባ ቀረች። ቤቷ ስንሄድ ልጇ ታሞባት ስታስታምም አገኘናት። «ስሜን በቀይ ሳየው ሌባ የሆንኩ መሰለኝ» አለችን። ለእኔ ቀይ ማለት «ቀሪ ሒሳብ» ነበር። ለእሷ ግን ፍርድ ሆነባት። ሳላውቀው በአንድ ዓይን ሥያት ኖሯል።

ምልክት ከሌለ መዝገብ አይያዝም፤ ዕዳም ዕዳ ነው። ነገር ግን ከዚህ ወር ጀምሮ ቀዩን ትቼ በመዝገቡ ላይ አንድ ዓምድ ጨምሬያለሁ፤ «ማን ጠየቃት?» ይላል።