«አይትዮፔስ» በሆሜር፦ ከአድማስ ጫፍ እስከ አክሱም

«ኢትዮጵያ ማለት ምን ማለት ነው?» ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የምንመልሰው «ፊቱ የተቃጠለ» የሚለውን ነው። «አይቶ» በግሪክ ነደደ፣ አቃጠለ ነው፤ «ኦፕስ» ደግሞ ፊት፣ መልክ። ሁለቱ ተጋጥመው «አይትዮፕስ»፣ ሲበዛም «አይትዮፔስ» ሆኑ። ይሁን እንጂ ሕዝቡ በስሙ በሚነሣባቸው በሆሜር ግጥሞች ስለ መልኩ አንድም ቃል አልተነገረም።

ሆሜር የሚነግረን መኖሪያቸውን ነው። በኢሊያድ መጀመሪያ ዜውስ ምድርን ወደሚከበው ውቅያኖስ፣ ነቀፋ የሌለባቸው አይትዮፔስ ወደደገሱት ግብዣ ሄዷል፤ የሚመለሰውም በ12ኛው ቀን ነው። በኦዲሲ የሰው ልጆች መጨረሻ ናቸው፤ ገሚሶቹ ፀሐይ ከምትወጣበት፣ ገሚሶቹ ከምትጠልቅበት ይኖራሉ። በዚያው ግጥም ግን የስፓርታው ንጉሥ ሜኔላዎስ የተንከራተተባቸውን አገሮች ሲቆጥር ከቆጵሮስ፣ ከፊንቄ፣ ከግብፅና ከሊቢያ ጋር እነርሱንም ይጠራል። እንዲህ አንዴ የአማልክት ጎረቤት፣ አንዴ መርከብ የሚደርስባቸው ሕዝብ ይሆናሉ።

በምሥራቅና በምዕራብ መከፈላቸው የኋላ አንባቢዎችን አከራክሯል። የታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶቱስ ምሥራቆቹን ፀጉረ ለስላሳ፣ የሊቢያዎቹን ፀጉረ ከርዳዳ ብሎ ለያቸው። የጂኦግራፊ ጸሐፊው ስትራቦን ደግሞ ለሁለት የከፈላቸው ቀይ ባሕር ነው ብሎ ተሟገተ።

የስሙ ፍቺም ቢሆን አከራካሪ ነው። ሆሜር «አይቶፕስ» የሚለውን የቅርብ ዘመድ ቃል ለወይን ጠጅና ለነሐስ ቅጽል አድርጎታል። ነሐስ «አይቶፕስ» የሚባለው ስለሚያንጸባርቅ ነው፤ ስለዚህ በስሙ ውስጥ ያለው እሳት የሚያከስል ብቻ ሳይሆን የሚያበራም ሊሆን ይችላል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1200 ገደማ በተጻፉ፣ በግሪክ አገር በፒሎስ በተገኙ የሸክላ ሰሌዳዎች ላይም «አይትዮፕስ» የሚለው ቃል የአንድ ሰው መጠሪያ ሆኖ ተገኝቷል። የኔዘርላንዱ የቋንቋ ሊቅ ሮበርት ቤከስ ግን ቃሉ ከነጭራሹ ከግሪክ በፊት ከነበረ ቋንቋ የመጣ ነው ብሏል።

ስሙን መሬት ያስያዙት ተርጓሚዎችና ነገሥታት ናቸው። የብሉይ ኪዳን የግሪክ ተርጓሚዎች «ኩሽ» የሚለውን የዕብራይስጥ ስም «አይትዮፒያ» አሉት። በ4ኛው መቶ ዘመን የአክሱሙ ንጉሥ የዒዛና ጽሑፍ በግዕዝ «ሐበሠት» ያለውን በግሪኩ «አይትዮፔስ» ብሎ ጻፈው። «ኢትዮጵያ» የሚለው ስም የመጣበት መንገድ በፊደሉም ይታያል፦ የግሪኩ ቴታ እንደ ማቴዎስ «ት»፣ ፒውም እንደ ጴጥሮስ «ጵ» ሆኗል። ስለዚህ የሆሜርን አይትዮፔስ በዛሬው ካርታ ላይ የሚፈልግ ሰው፣ ወሰኑን ያሰመሩት ከገጣሚው ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የመጡ ሰዎች መሆናቸውን ልብ ሊል ይገባል።