ጎሹ፣ ዋልያውና ገበሬው

የምኖረው በኮሎራዶ ግዛት በኦሮራ ከተማ፣ የአገሩ ሰው «ኦሪጅናል ኦሮራ» በሚለው አሮጌ ሰፈር ነው። የኮልፋክስን ጎዳና የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ሰፈሩን ያውቀዋል። ከቤቴ ወደ ሰሜን ጥቂት ማይል እንደተነዳ ቤቱም ሱቁም ያልቅና ሰፊ የሣር ሜዳ ይጀምራል። በሜዳው ላይ ጎሽ ይግጣል። እኛ ጎሽ እንበለው እንጂ አሜሪካኖቹ ባይሰን የሚሉት፣ ትከሻው የጎበጠ፣ ጠጉሩ እንደ በርኖስ የከበደ ሌላ ፍጥረት ነው። በታክሲ ሥራዬ ከአውሮፕላን ጣቢያው ስመላለስ ያንን ሜዳ በስተምዕራብ እያየሁ ብዙ ዓመት አልፌአለሁ፤ ታሪኩን ግን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ልጄን ይዤ በመጠለያው ውስጥ ያለውን የ11 ማይል መንገድ በዝግታ ስነዳ፣ መንገዱን ዘግተው የቆሙ ጎሾች አስቆሙን። እስኪያልፉ ስንጠብቅ ልጄ፣ «አባዬ፣ ድሮ በየቦታው ነበሩ አይደል? ማን ጨረሳቸው?» አለችኝ። ስለ አሜሪካው በጎ መልስ ሰጠሁ። ወዲያው፣ «እናንተ አገርስ እንዲህ ያለ እንስሳ አለ?» ስትለኝ «ዋልያ አለ» ብዬ ዝም አልሁ። ዝም ያልሁበትን ምክንያት ኋላ እመለስበታለሁ። በመጀመሪያ የጎሹን ነገር ላስቀድም።

ዛሬ ዴንቨርና ኦሮራ የተሠሩበት ሜዳ በ1851 በፎርት ላራሚ በተፈረመው ውል የሻየንና የአራፓሆ ሕዝቦች ምድር ተብሎ የታወቀ ነበር። በ1858 ወርቅ ተገኘ ሲባል ፈላጊው ጎረፈ፤ ዴንቨርም ተቆረቆረች። በኅዳር 1864 ወታደሮች በሳንድ ክሪክ የሰፈሩትን የሁለቱን ሕዝቦች ሰዎች ወርረው ከ150 በላይ ገደሉ፤ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ነበሩ። ከዚያ በኋላ የቀሩት ከኮሎራዶ ወጡ። የባቡር ሐዲዱ ሲዘረጋ ደግሞ ባለጠመንጃው መጣ። ቆዳው ለፋብሪካ መዘውር ጠፍር ይፈለግ ነበርና ሥጋው ሜዳ ላይ እየበሰበሰ ቆዳው ብቻ ተጫነ። ኋላም አጥንቱ ተለቅሞ ለማዳበሪያ ተሸጠ። ጎሹ ካለቀ ሕንዱ እጁን ይሰጣል ብለው ግድያውን የደገፉ የጦር መኮንኖች ነበሩ። በአሥር ሚሊዮኖች ይቆጠር የነበረው ከብት በ1880ዎቹ መጨረሻ በመላው ሰሜን አሜሪካ አንድ ሺህ ገደማ ብቻ ቀረ። በኮሎራዶ የመጨረሻዎቹ የዱር ጎሾች በ1897 ሎስት ፓርክ በተባለ ሥፍራ ተገደሉ።

ጎሹ በለቀቀው ሜዳ ገበሬው ገባ። ሣሩን በማረሻ ገለበጠው፤ ስንዴና ድንች ዘራበት። የነቀለው ሣር አፈሩን ይዞ የኖረ መሆኑን የተረዳው ዘግይቶ ነው፤ በ1930ዎቹ ድርቁ ሲበረታ በምሥራቅ ኮሎራዶ የታረሰው አፈር አቧራ ሆኖ ሰማዩን አጨለመው። በእኔ ሰፈር ሰሜን የነበሩት ገበሬዎች ይህንን ሁሉ ችለው ቆይተው ነበር። በ1942 ግን ጦርነቱ ገብቷልና መንግሥት ወደ 20 ሺህ ኤከር የሚጠጋ መሬት ለጦር መሣሪያ ፋብሪካ ፈለገ። ገበሬዎቹ ካሣ ተቆርጦላቸው በአጭር ቀጠሮ ከቤታቸውና ከማሳቸው ተነሡ። የተተከለውም «ሮኪ ማውንቴን አርሰናል» የተባለው የመርዝ ፋብሪካ ነው።

ፋብሪካው በመጀመሪያ ካወጣቸው መርዞች አንዱ የሰናፍጭ ጋዝ መሆኑን ሳነብ ለጥቂት ጊዜ መጽሐፉን አስቀምጬአለሁ። ይህ ጋዝ ፋሺስት ኢጣልያ በ1935 እና በ1936 በአውሮፕላን በአርበኞቻችን፣ በመንደራችን፣ በወንዛችንና በከብታችን ላይ ያዘነበችው፣ ንጉሠ ነገሥቱም በሰኔ 1936 ጄኔቭ ቆመው ለዓለም አቤት ያሉበት ነው። በኦሮራ አጠገብ የተሠራው በጦር ሜዳ አልዋለም። ሆኖም በዚያው ግቢ ኋላ የሳሪን ጋዝ፣ እስከ 1982 ደግሞ ፀረ ተባይ መድኃኒት ተሠርቶ፣ ዝቃጩ አፈሩንና የከርሰ ምድሩን ውኃ በከለው።

እነሆ ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ነው ግራ የሚያጋባው። ግቢው የታጠረ ስለ ነበረ ማንም አላረሰበትም፤ ማንም ቤት አልሠራበትም። ዙሪያው ሁሉ ከተማ ሲሆን ያ ምድር ብቻ ሜዳ ሆኖ ቀረ። በ1986 ነጭ ራስ ንስሮች፣ በአደንና ዲዲቲ በተባለው መርዝ ከአሜሪካ ሊጠፉ ተቃርበው የነበሩት፣ ክረምቱን ከግቢው ዛፎች ላይ ሲያድሩ ተገኙ። ምክር ቤቱ በ1992 ቦታው የዱር አራዊት መጠለያ እንዲሆን ደነገገ፤ የተበከለውን የማጽዳት ሥራ ብዙ ዓመትና ብዙ ገንዘብ ፈጀ። በ2007 አሥራ ስድስት ጎሾች ከሞንታና መጥተው ተለቀቁ። ዛሬ የምናያቸው ከእነዚያ የተራቡት ናቸው።

አሁን ወደ ዝምታዬ ልመለስ። ተወልጄ ያደግሁት ደባርቅ ነው። አያቴ አዳኝ ነበሩ። ከቤታችን ግድግዳ ላይ የዋልያ ቀንድ ዋንጫ ተሰቅሎ ነበር፤ ለሠርግና ለጥምቀት ይወርድና ጠላ ይቀዳበታል። በልጅነቴ በዚያ ዋንጫ መጠጣት የትልቅነት ምልክት ይመስለኝ ነበር። አንባቢ እንደሚያውቀው በአገራችን ግዳይ የጣለ ሰው ይፎከርለታል፤ ፀጉሩ ቅቤ ይቀባል፤ በድግስ ላይ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። አያቴን ነውረኛ ለማለት አልደፍርም፤ ዘመናቸው የሰጣቸውን ክብር ነው የፈለጉት። ነገር ግን ገደል ለገደል የሚኖረው ዋልያ ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም ላይ ሌላ ቤት የለውም። ከጠላት ወረራ በኋላ ጠመንጃ በየቤቱ ሲበዛ ቁጥሩ ፈጥኖ አሽቆለቆለ። በ1960ዎቹ የቀሩት ሁለት መቶ እንደማይሞሉ ተገምቶ ነበር።

በ1963 የዩኔስኮ መልእክተኞች መጥተው አገሩን ካዩ በኋላ ጥበቃው ተጀመረ፤ በ1969 የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በአዋጅ ተቋቋመ። በ1978 ከላሊበላ ጋር፣ በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት ከመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ሥፍራዎች አንዱ ሆነ። በዚያው ሰሞን ግን ደርግ ከገደሉ ሥር የነበሩ መንደሮችን ነዋሪ በኃይል አስነሣ፤ ጎጆዎች ተቃጠሉ። ወዲያው የእርስ በርሱ ጦርነት ሲበረታ ጠባቂው ወጣ፤ ተነሺው ተመለሰ። ቂም ይዞ ለተመለሰ ሰው ዋልያ ቤቱን የነጠቀው ባላንጣ እንጂ የአገር ቅርስ ሊሆን አይችልም።

ከአደኑ ይልቅ የከፋው ማረሻው መሆኑን ደግሞ ልብ ማለት ይገባል። የተገደለ ዋልያ በዘር ይተካል፤ የታረሰ ቁልቁለት ግን አይተካም። ሕዝቡ ሲበዛ ገብሱ ወደ ዳገት ወጣ፤ አስታው ለማገዶና ለቤት ተቆረጠ፤ ጓሳውን በግና ፍየል ጨረሰው። ዩኔስኮ በ1996 ፓርኩን በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ አስገባው። የግጭ መንደር ሰዎች በ2016 በስምምነት ወደ ደባርቅ ተዛውረው፣ ግጦሹም ቀንሶ፣ ፓርኩ በ2017 ከመዝገቡ ወጣ። በ2015 አካባቢ ዋልያዎቹ ከ800 በላይ ደርሰው ነበር። ከ2020 ወዲህ ወረርሽኙና ጦርነቱ ተከታትለው መጡ። ቱሪስት ሲቀር ባለበቅሎው፣ መሪውና ስካውቱ ገቢ አጡ፤ ጠመንጃም እንደገና በዛ። በ2024 የተደረገው ቆጠራ 300 ያህል ብቻ መቅረታቸውን አሳየ። የብሔራዊ ቡድናችንን መለያ ለብሰን «ዋልያዎቹ!» እያልን ስንጮህ፣ ስሙን የሰጠን እንስሳ ከአንድ ስታዲየም መደዳ ወንበር ያነሰ ቁጥር ላይ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ሁለቱን ምድር ሳስተያይ የሚታየኝ አንድ ነገር ነው። በኦሮራ አጠገብ ጎሹ የተመለሰው ሰው ሁለት ጊዜ ከተነቀለ በኋላ ነው፤ በመጀመሪያ አራፓሆውና ሻየኑ፣ ቀጥሎም ገበሬው። አሜሪካ ሀብታም ናትና ሰው ያጡ መሬቶችን አጥራ መጠበቅ ትችላለች። በሰሜን ግን ሌላ መሬት የሌለው ገበሬ ሲነሣ ይራባል፤ ሲራብ ይመለሳል። ስለዚህ ገበሬውን በጠላትነት የሚያይ ጥበቃ እስከ ሚቀጥለው ጦርነት ድረስ ብቻ የሚቆይ ነው። ዋልያው ሊተርፍ የሚችለው ገበሬው ከሕያው ዋልያ ከገብሱ የበለጠ እንጀራ ሲያገኝ ነው፤ ይህም በ2020 ዋዜማ ጥቂትም ቢሆን ተጀምሮ የነበረ ነገር ነው።

እዚሁ ዴንቨርም ትምህርት የሚሆን ነገር አይቻለሁ። ከተማዪቱ ከ1914 ጀምሮ በተራራ መናፈሻዋ የጎሽ መንጋ ስታኖር ትርፉን ታጫርት ነበር። ከ2021 ወዲህ ግን የተረፉትን ጎሾች ለአራፓሆ፣ ለሻየንና ለሌሎች ነባር ሕዝቦች በስጦታ ትሰጣለች። የፈሰሰው ደም አይታፈስም፤ ነገር ግን ከብቱ ወደ ባለቤቱ መሄዱ፣ ጥበቃ ሰውን ሳይነቅል ሊሆን እንደሚችል አንድ ምስክር ነው። አባቶቻችን የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ያሉት ይህንኑ ነው።

ለልጄ ከዚያ እሑድ በኋላ ሁሉንም ነገርኳት፤ የአያቴንም ዋንጫ ጭምር። ጥቂት አሰበችና፣ «ታዲያ አሁን ዋንጫው የት ነው?» አለችኝ። ደባርቅ፣ ከግድግዳው ላይ ነው አልኋት። አንድ ቀን አብረን ሄደን ዋንጫውን ከማየታችን በፊት ገደሉ ላይ የቆመ ዋልያ ላሳያት ቃል ገብቼአለሁ። ቃሌን መጠበቅ የምችለው እኔ ብቻዬን እንዳልሆንሁ ግን አውቃለሁ።