የእግር ከበሮና ቤዝ፤ ሁለት ድምፆች በአንድ ስፍራ

የሰው ልጅ ሙዚቃን በጆሮው ብቻ አይቀበልም። በጭፈራ አዳራሽ የቆመ ሰው ዜማውን በጆሮው ቢለይም ምቱን የሚያውቀው በደረቱና በእግሩ ነው። በዘመናዊው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ውስጥ ይህን ኃይል የሚያመነጩት በተለይ ሁለት ድምፆች ናቸው። አንደኛው በእግር እየተረገጠ የሚመታው ትልቁ ከበሮ፣ በሙያተኞች አጠራር «ኪክ» ሲሆን፣ ሁለተኛው ቤዝ ነው። ሁለቱም የሚኖሩት በድምፅ መሰላል የታችኛው እርከን ላይ ነው፤ ሁለቱም ያንኑ ጠባብ ስፍራ ይሻሉ። ስለዚህ አንዱ ሌላውን ሳያደበዝዝ አብረው እንዲኖሩ ማድረግ የድምፅ ቅንብር ባለሙያው ዋነኛ ፈተና ሆኖ ይገኛል።

ይህ ፈተና የቁልፍና የሽቦ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። የራሱ ታሪክ አለው፤ ታሪኩም የመሣሪያዎች ብቻ ሳይሆን፣ መሣሪያዎቹን ባልታሰበ መንገድ ለራሱ ጥቅም ያዋለ ሕዝብ ታሪክ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የቅራኔው ምንጭ

የሰው ጆሮ በጠቅላላው ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ ያለውን ድምፅ ይሰማል። የባለአራት ክሩ ቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ሄርዝ ገደማ ሲሰጥ፣ የእግር ከበሮው ዋና ጉልበትም አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 100 ሄርዝ ባለው ክልል ይገኛል። በዚህ ክልል የሚገናኙ ሁለት ሞገዶች አብረው ወጥተው አብረው ከወረዱ ይደጋገፋሉ፤ እኩል ከሆኑም ግፊታቸው እጥፍ ይሆናል፤ ይኸውም 6 ዲሲቤል ይጨምራል። አንዱ ሲወጣ ሌላው ከወረደ ግን እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። ሁለት ብርቱ ድምፆች ተደምረው አንድ ደካማ ድምፅ የሚወልዱበት ምስጢር ይህ ነው።

ሌላም ችግር አለ። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1933 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ የሰው ጆሮ ለወፍራም ድምፅ፣ በተለይም ድምፁ ዝግ ሲል፣ ደንዳና ነው። ስለሆነም ወፍራሙ ድምፅ እንዲሰማ ብዙ ጉልበት ይጠይቃል፤ ማጉያውና መቅረጫው የሚሸከሙት ጉልበት ግን ወሰን አለው። ለኪክ የተጨመረው ከቤዝ ድርሻ ይቀነሳል፤ ለቤዝ የተጨመረውም እንዲሁ። ከዚህም በላይ የ50 ሄርዝ ሞገድ በአየር ውስጥ ወደ 7 ሜትር የሚጠጋ ርዝመት ስላለው፣ በተራ ክፍል ውስጥ በአንዱ ማዕዘን ሲያብጥ በሌላው ስፍራ ይከስማል። በመሆኑም ባለሙያው የተቀመጠበትን ክፍል ጭምር መጠራጠር ይኖርበታል።

ከሸክላ እስከ ሲንተሳይዘር

ሊዮ ፌንደር በ1951 የኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታሩን ለገበያ ሲያቀርብ፣ እስከዚያ ድረስ ግዙፉን ኮንትራባስ ተሸክሞ ይዞር የነበረው ሙዚቀኛ ከከበሮው ጋር የሚመጣጠን ድምፅ አገኘ። ሸክላው ግን ይህን ኃይል እንደልብ አላስተናገደም። ወፍራም ድምፅ በሸክላው ላይ ሰፊ ቦይ ይፈልጋል፤ ቦዩ ሲሰፋ ደግሞ የሙዚቃው ጊዜ ያጥራል። በ1954 የአሜሪካ ሸክላ አሳታሚዎች የተስማሙበት ደንብ ወፍራሙ ድምፅ ሲቀረጽ እንዲቀነስ፣ ሲደመጥ ደግሞ በማጫወቻው በኩል እንዲመለስ አደረገ። በ1958 የስቴሪዮ ሸክላ ለገበያ ሲበቃ ሌላ እንቅፋት ተፈጠረ። በግራና በቀኝ የማይስማማ ወፍራም ድምፅ መርፌውን ወደላይና ወደታች እያንገላታ ከቦዩ ሊያስወጣው ይችላል። ስለዚህ ቤዝንና የእግር ከበሮን መኻል ላይ ማስቀመጥ ልማድ ሆነ። ሸክላ የዕለት መገልገያ መሆኑ ከቀረ በኋላም ልማዱ እንደ ሕግ ጸንቶ ይኖራል።

በፊላደልፊያ ከተማ ከበሮ መቺው ኧርል ያንግ በ1973 «ዘ ላቭ አይ ሎስት» በተባለው ዘፈን የእግር ከበሮውን በአራቱም ምቶች ላይ ያለማቋረጥ ረገጠ። ይህ አመታት የዲስኮ መለያ ሆነ። ቀድሞ አልፎ አልፎ ይሰማ የነበረው ኪክ አሁን ቋሚ ነዋሪ በመሆኑ፣ ቤዙ በምቶቹ መካከል አዲስ መቀመጫ መፈለግ ግድ ሆነበት። በ1976 «ቴን ፐርሰንት» የተባለው ዘፈን በ12 ኢንች ነጠላ ሸክላ ለሕዝብ ሲሸጥ፣ ሰፋ ያለው ቦይ ለሁለቱም ድምፆች ስፍራ ጨመረላቸው።

በ1977 ጆርጂዮ ሞሮደርና ፒት ቤሎት ከዶና ሰመር ጋር በሙኒክ «አይ ፊል ላቭ» የተባለውን ዘፈን ሲቀርጹ፣ ቤዙን ጨምሮ አጃቢውን ድምፅ ከሞላ ጎደል ሁሉ ከሙግ ሲንተሳይዘር አወጡ። ይሁን እንጂ መሣሪያው የሚያረካ የእግር ከበሮ ሊሰጣቸው ስላልቻለ ኪት ፎርሲ የተባለው ከበሮ መቺ በእግሩ መታው። የኤሌክትሮኒክ ጭፈራ አብሣሪ በተባለው ሥራ መሠረት ላይ የሰው እግር መገኘቱ ሊዘነጋ አይገባም።

ገበያ የጣለውን ወጣቱ ሲያነሣው

የጃፓኑ ሮላንድ ኩባንያ በ1980 «ቲአር 808» የተባለውን የከበሮ ማሽን፣ በ1981 ደግሞ «ቲቢ 303» የተባለውን የቤዝ ማሽን አወጣ። ሁለተኛው የታሰበው ብቻውን ለሚለማመድ ጊታር ተጫዋች አጃቢ እንዲሆን ነበር። ይሁን እንጂ ከበሮው ከበሮ፣ ቤዙም ቤዝ አይመስልም ተብሎ ገበያ አጡ፤ የመጀመሪያው በ1983፣ ሁለተኛው በ1984 መመረታቸው ቆመ። የተመረተው 808 በጠቅላላው 12,000 ገደማ ነበር። ያገለገለ ዕቃ በሚሸጥባቸው መደብሮች ዋጋቸው ሲወድቅ ግን፣ ኩባንያው የከሰረበት ነገር ለድሃው ወጣት ሲሳይ ሆነ።

በ1979 በቺካጎ ኮሚስኪ ፓርክ ስታዲየም፣ በሁለት የቤዝቦል ጨዋታዎች መካከል፣ የዲስኮ ሸክላዎች ተከምረው በፈንጂ እንዲወድሙ ተደርጓል። ዲስኮ ሞተ ተባለ። በዚያው ከተማ ግን ፍራንኪ ናክልስ «ዌርሃውስ» በተባለው የጭፈራ ቤት አብዛኞቹ ጥቁሮችና ላቲኖች ለሆኑ ታዳሚዎች ማጫወቱን አላቋረጠም፤ «ሃውስ» የተባለው ሙዚቃም ስሙን ከዚሁ ቤት እንዳገኘ በሰፊው ይነገራል። በ1987 ፊውቸር የተባለው የቺካጎ ወጣቶች ቡድን «አሲድ ትራክስ» የተባለ ሥራውን ሲያወጣ፣ የ303ን ቁልፎች እየጠመዘዘ ቤዙን ከአጃቢነት ወደ መሪ ተናጋሪነት አሸጋገረው። የአውቶሞቢል ፋብሪካዎች ከተማ በሆነችው በዲትሮይትም ኹዋን አትኪንስ፣ ዴሪክ ሜይና ኬቨን ሳውንደርሰን የቴክኖን ሙዚቃ መሠረቱ።

የ808 ኪክ ከተመታ በኋላ እየሳሳ የሚሄድ ለስላሳ ሞገድ ነው፤ ጅራቱ ሲረዝም ራሱ የቤዝ ቃና ይሆናል። ከዚህ በኋላ ጉዳዩ የሁለት መሣሪያዎች ጉርብትና ብቻ መሆኑ ቀረ። ከበሮው ቤዝ መሆን ስለቻለ፣ ወይ ከዘፈኑ ጋር ተቃኝቶ የቤዙን ሥራ እንዲረከብ፣ ወይ ጅራቱ አጥሮ ለቤዙ መንገድ እንዲለቅ ማድረግ የባለሙያው ውሳኔ ሆነ።

ሦስት የዕርቅ መንገዶች

ከዚህ ረጅም ልምድ ሦስት መንገዶች ተገኝተዋል። የመጀመሪያው በጊዜ መለየት ነው፤ ኪክ በምቱ ላይ ሲያርፍ ቤዝ በሁለት ምቶች መካከል ይገባል። ይህ የአቀናባሪው ሥራ ስለሆነ ከማናቸውም መሣሪያ ይቀድማል። ሁለተኛው በክልል መለየት ነው። ኪክ 55 ሄርዝ አካባቢ እንዲነግሥ ከተወሰነ፣ ቤዙ በዚያ ስፍራ ጥቂት ተቀንሶ 90 ወይም 100 ሄርዝ አካባቢ ይጎላል፤ ቤዙ እታች እንዲተኛ ከተፈለገ ደግሞ ግልባጩ ይደረጋል። ሦስተኛው «ሳይድቼይን» የሚባለው ነው፤ ኪክ በመጣ ቁጥር ኮምፕሬሰር የተባለው መሣሪያ ቤዙን ለቅጽበት ዝቅ ያደርገዋል። የሬዲዮ ተናጋሪ ድምፁን ሲያሰማ ሙዚቃው ዝግ የሚልበት ዘዴ በዚሁ መርሕ የሚሠራ ነው። በ2004 ኤሪክ ፕራይድዝ ባወጣው «ኮል ኦን ሚ» ይህ ዘዴ ተደብቆ የሚሠራ ጥገና መሆኑ ቀርቶ በግልጽ የሚሰማ ትንፋሽ፣ የሙዚቃው አንድ ጠባይ ሆነ። ሆኖም ሦስተኛው መንገድ የመጀመሪያውን ሊተካ አይችልም። በአቀናባሪው ቸልተኝነት የተደራረበውን ድምፅ ኮምፕሬሰር ያስታግሠው እንደሆነ እንጂ አያስታርቀውም።

ለእኛ ከያንያን

ይህ ታሪክ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ከበሯችን ሁለት ፊት አለው፤ ሰፊው ፊት ወፍራሙን፣ ጠባቡ ፊት ቀጭኑን ድምፅ ይሰጣል፤ አንዱ እጅ ሌላውን እየጠበቀ ይመታል። የበገናም ምስጢር ከዚሁ ይዛመዳል። በበገናው ክሮች ሥር የሚገቡት የቆዳ እንዝራዎች ወፍራሙን ክር ሲያነዝሩት በላዩ ቀጫጭን ድምፆች ይወለዳሉ፤ በእነዚህም ምክንያት ጎርናናው ቃና ጎልቶ ይሰማል። የዛሬው ባለሙያ በትንሽ ማጫወቻ የማይሰማውን ቤዝ ሆን ብሎ በጥቂቱ የሚያሻክረው ለዚሁ ዓላማ ነው።

ኃይሉ መርጊያ በ1985 በአሜሪካ በቀረጸው ሥራ አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ ኪቦርዶችና ከከበሮ ማሽን ጋር ብቻውን አቀናጅቶ፣ የሀገር ዜማ ከማሽን ጋር ሲኖር ማንነቱን መልቀቅ እንደማይገባው አሳይቷል። አደጋው ያለው ሌላ ስፍራ ነው። በከበሮ ላይ የማሽን ኪክ እንዲሁ ሲደረብ፣ የከበሮው ሰፊ ፊት የሚናገርበት ክልል በኪኩ ይያዛል፤ ለአድማጩ የሚተርፈው የጠባቡ ፊት ጠቅታ ብቻ ይሆናል። ያን ጊዜ ከበሮው ተቀርጿል፤ ነገር ግን አልተሰማም። የእስክስታው ትከሻ የሚጠብቀው ምት በባዕድ ምት ተሸፍኖ ይቀራል።

እንግዲህ የሙዚቃ መምህሩ ለተማሪው ከመሣሪያው አስቀድሞ ጥያቄውን ያስተምረው፤ በዚህ ዘፈን ወለሉን የሚይዘው ማን ነው? ማንስ በምን ሰዓት ዝም ይበል? ከያኒውም የሠራውን በታላቅ ማጉያ ብቻ ሳይሆን በታክሲ ውስጥ ሬዲዮና በትንሽ የእጅ ስልክ ጭምር ያድምጠው፤ ሰፊው ሕዝብ የሚሰማው በእነዚህ ነውና። የቺካጎና የዲትሮይት ወጣቶች ገበያ በጣለው መሣሪያ የራሳቸውን ድምፅ ካቆሙ፣ እኛ ከአባቶቻችን የተረከብነውን ከበሮ በገዛ ስቱዲዮዎቻችን ውስጥ ድምፅ አልባ የምናደርግበት ምክንያት አይኖርም።