ጾታዊ መረጣ፦ ፌንጣ ስለምን ያዜማል?

ሙዚቃ የሚወድ ተማሪ ስለ ዝግመተ ለውጥ ለማወቅ ከዳይኖሰር አጥንት መጀመር የለበትም፤ ማታ ማታ ከሣር ውስጥ የሚሰማው የፌንጣ ዜማ ይበቃዋል። ዜማ ጉልበት ይፈጃል፣ ጠላትንም ይጠራል። ታዲያ እንዴት ሳይጠፋ ቆየ?

መልሱ በእንግሊዝኛ «ሴክሹዋል ሴሌክሽን» በሚባለው ጽንሰ ሐሳብ ውስጥ ይገኛል። በአማርኛ «ጾታዊ መረጣ» ልንለው እንችላለን። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1859 ስለ ዝርያዎች አመጣጥ በጻፈው መጽሐፍ በአጭሩ አነሣው፤ በ1871 ደግሞ የሰውን ልጅ አመጣጥ ሲመረምር በሰፊው ተነተነው።

ተፈጥሯዊ መረጣ ከአካባቢው ጋር የሚስማማ ባሕርይ ያለው ፍጡር በሕይወት ቆይቶ ብዙ ዘር የሚተካበት ሂደት ነው። ጾታዊ መረጣ የሚመለከተው ተጓዳኝ ለማግኘት የሚደረገውን ፉክክር ነው። ፉክክሩ ሁለት መልክ አለው፤ ወንዶች እርስ በርስ ይታገላሉ፣ ሴቶች ደግሞ ይመርጣሉ። የሰሜን ተራሮች ወንድ ዋልያዎች በቀንድ ሲጋጩ የመጀመሪያውን እናያለን፤ ፌንጣ ሲያዜም ሁለተኛውን እንሰማለን። በዜማው የተመረጠ ወንድ ይወልዳል፤ ባሕርይውም ወደ ልጆቹ ይተላለፋል።

ይህ መረጣ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል በሃዋይ፣ ካዋይ በተባለችው ደሴት በግልጽ ታይቷል። የደሴቲቱ ወንድ ፌንጣ፣ የማሲንቆ ደጋን ጭራውን እንደሚገዘግዘው፣ አንዱን ክንፍ በሌላው እያሸ ሴቷን ይጠራል። ጥሪውን ግን ከሰሜን አሜሪካ የገባች ጥገኛ ዝንብም ትሰማለች። ድምፁን ተከትላ መጥታ እጮቿን ትጥልበታለች፤ እጮቹ ሰውነቱ ውስጥ ገብተው እየበሉት ያድጋሉ። ሲወጡ ይሞታል።

እ.ኤ.አ. በ2003 ተመራማሪዋ ማርሊን ዙክና ባልደረቦቻቸው በካዋይ ብዙ ፌንጣ አገኙ፤ ዜማ ግን ጠፍቷል ማለት ይቻል ነበር። በዘረመል ለውጥ ምክንያት የአብዛኞቹ ወንዶች ክንፍ ድምፅ የሚያወጣበትን ቅርጽ አጥቶ ነበር። ከ20 ባነሰ ትውልድ ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ወንዶች ድምፅ አልባ ሆነዋል።

ዝም ያለው ወንድ ከዝንቧ ያመልጣል፤ ሴት መጥራት ግን አይችልም። ስለዚህ ገና ወደሚያዜሙት ጥቂቶች ተጠግቶ፣ በእነሱ ዜማ ተስባ የምትመጣውን ሴት ይጠብቃል። ተፈጥሯዊው መረጣ ዝም ሲያሰኘው ጾታዊው መረጣ አዚም ይለዋል።

ዝግመተ ለውጥን «ጠንካራው ይተርፋል» በሚል አባባል ብቻ ማስተማር ጎደሎ የሚሆነው ለዚህ ነው። መምህራን ሁለቱን መረጣዎች ጎን ለጎን ቢያስተምሯቸው፣ ተማሪው የዜማን ምክንያትም ዋጋም አብሮ ይረዳል።