ስልክ ቀድሞ ገባ፣ መኪና ተከተለ

በአገራችን ስልክ ከመኪና በፊት ነው የገባው። መጀመሪያ ሳነበው አላመንኩም ነበር። ራስ መኮንን በ1882 ዓ.ም. ገደማ ጣሊያን ደርሰው ሲመለሱ ስልክ ይዘው መጡ ይባላል። ቤተ መንግሥት ውስጥ ሲሞከር ባለቤቱ የማይታይ ድምፅ የሰሙ ካህናት «የሰይጣን ሥራ ነው» ብለው እንደተቃወሙም ይተረካል። አጼ ምኒልክ ግን አልተበገሩም። በ1880ዎቹ መጨረሻ ሐረርንና አዲስ አበባን የሚያገናኝ 477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመር አዘረጉ። መኪና የመጣችው ከዚያ በኋላ፣ በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ወዲህ ያለውን በረሃና አቀበት እየነዳ፣ ሲያቅተውም በሰው ጉልበት እያስጎተተ አዲስ አበባ አስገባት።

ንጉሡ ሁለቱንም ወደዱ። ከዚያ በኋላ 90 ዓመት ገደማ ስልክ ጠረጴዛ ላይ፣ መኪና መንገድ ላይ፣ ተከባብረው ኖሩ። ሹፌር መደወል ከፈለገ መኪናውን አቁሞ መውረድ ነበረበት። በ1991 ዓ.ም. ሞባይል ሲገባ ግን ሁለቱ ጋቢና ውስጥ ተገናኙ።

ሌላው ዓለም ቀደም ብሎ ነው የተገናኙት። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1930 «ሞቶሮላ» የተባለው የመኪና ሬዲዮ ለገበያ ሲቀርብ «ሹፌሩን ያዘናጋዋል» የሚል ክርክር ተነስቶ ነበር። ሬዲዮው ግን አሸነፈ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 17 ቀን 1946 ደግሞ ሴንት ሉዊስ ከተማ ውስጥ አንድ ሰው ከመኪናው ሆኖ ስልክ ደወለ። መሣሪያው 36 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር። ደህና በግ ማለት ነው! ያን ጊዜ በየመኪናው የሚገባ ነገር አልነበረምና ብዙም ያሳሰበው ሰው የለም።

እኔን ያስደነገጠኝ እ.ኤ.አ. በ1969 የታተመው የእንግሊዞች ጥናት ነው። ብራውን የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ 24 ሹፌሮችን መኪና ላይ አስቀመጡና ከፊት ለፊታቸው ባለው ክፍተት መኪናቸው ያልፍ አያልፍ እንደሆነ እንዲወስኑ አደረጉ። እዚያው እየነዱ በስልክ ጥያቄ ይቀርብላቸዋል። የተገኘው ውጤት ምን መሰላችሁ? መሪ አያያዛቸው ብዙም አልተበላሸም። የተበላሸው ፍርዳቸው ነው። መኪናው የማያልፍበትን ክፍተት ያልፋል ብለው መወሰን አበዙ። ልብ በሉ፣ ይህ የታወቀው የእጅ ሞባይል ገበያ ላይ ከመዋሉ ከአሥር ዓመት በላይ ቀድሞ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ ሬደልማየርና ቲብሺራኒ የተባሉ ሁለት የካናዳ ተመራማሪዎች የቶሮንቶን ሹፌሮች አጠኑ። ዘዴያቸው ቀላል ነው። ስልክ ኖሯቸው ግጭት የደረሰባቸውን 699 ሹፌሮች የስልክ ሂሳብ ዝርዝር አገኙና ግጭቱ ከመድረሱ በፊት ባሉት ደቂቃዎች ደውለው እንደነበር አዩ። ከዚያ ያንኑ ሰዓት በሌላ ቀን ከነበረው ጋር አመሳከሩት። ስልክ በሚያወሩበት ጊዜ የመጋጨት አደጋው አራት እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። በእጅ ሳይያዝ የሚወራበት ስልክም የተሻለ ሆኖ አልተገኘም! «እኔ እኮ በኢርፎን ነው የማወራው» የምትሉ ሹፌሮች ይህችን አንቀጽ ሁለቴ አንብቧት። እጅማ መሪው ላይ ነው። የሄደው ልብ ነው።

ሕጎቹ ከጥናቶቹ ኋላ ኋላ መጡ። ኒውዮርክ እ.ኤ.አ. በ2001፣ እንግሊዝ በ2003 ከለከሉ። የእኛ የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 የወጣውም በ2003 ነው፤ ግን በእኛ 2003። በቁጥር እኩል ብንሆንም በመካከላችን ስምንት ዓመት ገደማ አለ። በዚያ ላይ እኛ ዘንድ አጭር የጽሑፍ መልእክት ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ተዘግቶ እስከ 2000 ዓ.ም. መግቢያ ድረስ አልነበረም፤ ስለዚህ እየነዱ መጻፍ የሚባለውን ጣጣ ዘግይተን ነው የተማርነው። ለዘገየነው ያህል ግን ፈጥነን ደረስንበት። ዛሬ በስልክ የሚጠራው ታክሲ ሹፌር ስልኩ የሥራ መሣሪያው ስለሆነ መስታወቱ ላይ ለጥፎት ነው የሚውለው። ቪዲዮ እያየ የሚነዳም በዓይኔ አይቻለሁ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሦስት ሰከንድ 50 ሜትር ይሄዳል። ሦስት ሰከንድ ማለት «ማን ነው የደወለው?» ብሎ ስክሪኑን አይቶ ቀና እስኪባል ነው።

እነዚህን ሕጎችና ጥናቶች ሳገላብጥ አንድ ነገር ቅር አለኝ። ሁሉም የሚያናግሩት ሹፌሩን ነው። ደዋዩ የለበትም። ለመሆኑ ማን ነው የሚደውልለት? እኛ ነን። «የት ደረስክ?»፣ «ምነው ዘገየህ?»፣ ካላነሳም «ናቀኝ»።

ታላቅ ወንድሜ ከጅቡቲ የሚጭን የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ቤንትሌይ ያቺን መኪና ካስገባበት ከዚያው ወደብ ማለት ነው። ባለፈው ዓመት ደወልኩለት። «ጋሼ፣ የት ደረስክ?» ስለው «እየነዳሁ ነው፣ ግን አውሪ፣ ችግር የለም» አለኝ። እኔም አወራሁ። የእናታችን መድኃኒት ማለቁን፣ በየትኛው ፋርማሲ እንደጠፋ፣ በየትኛው ዋጋው እንደተወደደ አንድ በአንድ ስዘረዝርለት ረጅም ክላክስ ሰማሁ፤ ከዚያ የፍሬን ጩኸት፤ ከዚያ ምንም። ስልኩ አልተዘጋም። የሞተሩ ድምፅ ይሰማል፣ የእሱ ግን የለም። ስንት ሰከንድ እንደቆየ ብትጠይቁኝ ዛሬም አላውቀውም።

«ግመል ነው» አለ በመጨረሻ። «ሳላየው።»

ጋሼ በሰፊ ሜዳ ላይ ግመል የማያይ ሰው አይደለም። መድኃኒቱን ሲያስብ ነበር፤ ያሳሰብኩትም እኔ ነኝ። የትኛውም ደንብ እኔን አይቀጣኝም።

ከዚያ ወዲህ ዘዴ ፈጥረናል። መኪናው ሲነሳ ስልኩን ረዳቱ ይይዘዋል። ለከባድ መኪና ብቻ ሳይሆን ለሚኒባስም ይሠራል፤ ረዳቱ እንደሆነ ሁልጊዜ አለ፣ አፉም አይደክምም! ስደውል ረዳቱ ያነሳና «እየነዳ ነው እህቴ፣ ምን ልበልልሽ?» ይለኛል። የሚገርማችሁ ብዙ ጊዜ የሚባል ነገር የለኝም። የት እንደደረሱ ማወቅ ብቻ ነው የፈለግሁት።

«ሚሌ» ይለኛል። ይዘጋዋል።