የዘር ሐረግና የርስት ሰነድ፦ የስኮትላንዱ የዳግላስ ቤት (1330–1457)



በመካከለኛው ዘመን መገባደጃ የተጻፈ የዘር ሐረግ የሚነግረን ማን ከማን እንደ ተወለደ ነው ወይስ ማን መሬቱን እንደ ወረሰ? ይህን ጥያቄ ለመመርመር በደቡብ ስኮትላንድ ሰፊ ርስት የነበረውን የዳግላስን ቤት መርጫለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቤቱን ዝና የመሠረተው የንጉሥ ሮበርት ብሩስ የጦር ባልደረባ ሰር ጄምስ ዳግላስ ነው። የሟቹን ንጉሥ ልብ ይዞ ሲጓዝ በ1330 በስፔን ቴባ ላይ ወደቀ። ሕጋዊ ልጁ ዊልያምና ወንድሙ አርቺባልድ በ1333 በሃሊደን ሂል ጦርነት ሞቱ። ርስቱ የደረሰው ለሌላው ወንድሙ ለሂው ነበር፤ ሂው ግን የቤተ ክርስቲያን ሰው ስለ ነበረ ሕጋዊ ልጅ አልነበረውም።

በ1342 ሂው ርስቱን ለንጉሥ ዴቪድ 2ኛ መለሰ፤ ንጉሡም የወራሾቹ ተራ በተወሰነበት ሰነድ መልሶ ሰጠ። ቀዳሚው የወንድሙ ልጅ ዊልያም ነው። የእርሱ ወንድ ዘር ቢቋረጥ የሊድስዴሉ ዊልያም ዳግላስ፣ ከዚያም ሰር ጄምስ ከጋብቻ ውጭ የወለደው አርቺባልድ ይተካሉ።

ሰነዱ የተፈተነው ከ46 ዓመት በኋላ ነው። የቀዳሚው ወራሽ ልጅ፣ 2ኛው ኧርል ጄምስ፣ በ1388 በኦተርበርን ጦርነት ሕጋዊ ልጅ ሳይተው ሞተ። በሥጋ የምትቀርበው እኅቱ ኢዛቤል ነበረች፤ ባሏም ስለ እርሷ መብት ተከራክሯል። ይሁን እንጂ በ1389 የጸናው የአርቺባልድ ውርስ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እሻለሁ፦ ሟቹ ኧርል ራሱ ከጋብቻ ውጭ የወለዳቸው ወንዶች ልጆች ነበሩት፤ ኧርልነቱ ግን አልደረሳቸውም። ስለዚህ አርቺባልድን ያወረሰው ደሙ ብቻ አይደለም፤ ስሙ በሰነዱ ላይ መገኘቱ ነው። የሟቹ ግማሽ ወንድም ጆርጅም እንዲሁ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት በእናቱ በኩል የአንገስ ኧርል ሆነ። የአርቺባልድ ዘር «ጥቁር»፣ የጆርጅ ዘር «ቀይ» ዳግላስ ተባሉ።

በ1440 ወጣቱ 6ኛው ኧርል ዊልያምና ወንድሙ ዴቪድ በኤዲንብራ ቤተ መንግሥት ተገደሉ። ርስቱም ለሁለት ተከፈለ፤ ኧርልነቱ ለአባታቸው አጎት ለጄምስ ሲተላለፍ፣ ጋሎዌይ ለእኅታቸው ለማርጋሬት ደረሰ። ብዙም ሳይቆይ የጄምስ ልጅ፣ 8ኛው ኧርል ዊልያም፣ ማርጋሬትን በጳጳሱ ፈቃድ አገባ። ፈቃድ ያስፈለገው የአባቷ የአጎት ልጅ ስለ ነበረ ነው። ጋብቻው የተከፈለውን ርስት መልሶ ገጠመ፤ የተገጠመውም ኃይል ለዘውዱ አስጊ ሆነ። በ1452 ንጉሥ ጄምስ 2ኛ ይህንኑ ኧርል በስተርሊንግ በገዛ እጁ ወጋው። በ1455 የጥቁሮቹ ርስት ተወረሰ፤ በ1457 የዳግላስ ጌትነት ለአንገስ ኧርል ተሰጠ።

የቤቱን ታሪክ በ17ኛው መቶ ዘመን የጻፈው የጎድስክሮፍቱ ዴቪድ ሂዩምም የአንገስ ቤት አገልጋይ ነበር፤ ሁለቱን ቅርንጫፎች የምናውቃቸው በአመዛኙ በአሸናፊው ወገን ብዕር ነው። ስለዚህ ተማሪዎቼን የምመክረው ይህን ነው፦ የዘር ሐረግ ስታነቡ የርስቱን ሰነድ ከጎኑ አኑሩ፤ በሐረጉ ላይ ያልተጻፉትን ልጆችና ከርስቱ የተገፉትን ሴቶች ልጆች የምታገኟቸው በሁለቱ መካከል ነው።