ስም ሳይኖረው ሲያገለግል የኖረ ቅርጽ

የጂኦሜትሪን ትምህርት የጀመረ ተማሪ ሁሉ አንድን ማዕዘን በኮምፓስ እኩል ለሁለት መክፈልን ይማራል። ኮምፓሱን ተክሎ ቅስቶቹን ከሣለ በኋላ መሥመሩን ያሰምራል፤ መልሱም ልክ ይሆንለታል። ነገር ግን ስለ ምን ልክ እንደ ሆነ ብንጠየቅ ብዙዎቻችን ዝም እንላለን። ምክንያቱ ያለው ካይት በሚባለው ባለ አራት ጐን ቅርጽ ውስጥ ነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ ኤውክሊድ የተባለው የግሪክ ሊቅ የጂኦሜትሪን ትምህርት በ13 መጻሕፍት አሰናድቶ ጻፈ። በመጀመሪያው መጽሐፍ ባለ አራት ጐን ቅርጾችን ሲለይ ለካሬ፥ ለሬክታንግል፥ ለሮምበስና ለሮምቦይድ ለየራሳቸው ስም ሰጣቸው። የቀሩትን ሁሉ ግን በጅምላ «ትራፔዝያ» ብሎ አለፋቸው፤ ይህም ቃል የኛ «ጠረጴዛ» ከመጣበት የግሪክ ቃል የወጣ ነው። ካይትም ከነዚህ ጋራ ተቈጥሮ የራሱን ስም ሳያገኝ ቀረ።

የሚያስደንቀው ግን በዚያው መጽሐፍ በ9ኛው አንቀጽ ኤውክሊድ ማዕዘንን ለሁለት ሲከፍል የሚሥለው ይህንኑ ቅርጽ መሆኑ ነው። በኛ ፊደል ብንጽፈው፥ ከማዕዘኑ ራስ ከ«ሀ» ተነሥቶ በሁለቱ ክንዶች ላይ በእኩል ርቀት «ለ» እና «መ» የተባሉትን ነጥቦች ያስቀምጣል። ቀጥሎም ከሁለቱ በእኩል የሚርቅ «ሐ» የተባለ ነጥብ ያገኛል። «ሀለ» ከ«ሀመ»፥ «ለሐ» ከ«መሐ» ጋራ እኩል ነው፤ «ሀሐ» ደግሞ የጋራ ነው። እንግዲህ «ሀለሐ» እና «ሀመሐ» የተባሉት ሁለት ሦስት ማዕዘኖች በሁሉም ነገር እኩል ናቸው። ስለዚህ «ሀሐ» ማዕዘኑን ለሁለት ይከፍላል፤ «ለመ»ንም በ90 ዲግሪ ቈርጦ እኩል ያካፍለዋል። ከዚህም የተነሣ የካይት ስፋት የሁለቱ አቋራጭ መሥመሮች ብዜት እኩሌታ ነው፤ አንዱ 12፥ ሌላው 8 ሳንቲሜትር ቢሆን ስፋቱ 48 ካሬ ሳንቲሜትር ይሆናል።

«ካይት» የሚለውን ስም ያወጣለት እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ሲልቬስተር (1814–1897 እ.ኤ.አ.) እንደ ሆነ ሄንሪቺ የተባለው ሊቅ ጽፎአል። ስሙም ልጆች በክር ይዘው በነፋስ ከሚያበሩት የወረቀት መጫወቻ የመጣ ነው።

የካይት ታሪክ በዚህ አላበቃም። ወለልን ያለ ክፍተት የሚሸፍን፥ ንድፉ ግን እየተመላለሰ የማይደገም አንድ ዓይነት ጡብ ይገኝ እንደ ሆነ ሊቃውንት ለብዙ ዓመታት ሲመረምሩ ኖሩ። በ2022 እ.ኤ.አ. ዴቪድ ስሚዝ የተባለ፥ ሙያው ሒሳብ ያልሆነ እንግሊዛዊ አገኘው፤ በ2023 ከሦስት ባልደረቦቹ ጋራ ማረጋገጫውን አወጣ። ያ ጡብ የተሠራው ከ8 ካይቶች ነው።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች፥ ኮምፓስ ባነሣን ቊጥር መልሱን ብቻ ይዘን አንለፍ። አራቱን ነጥቦች በመሥመር እናገናኛቸው፤ ምክንያቱ በዓይናችን ፊት ይታያል።